ከአምስቱ አንድ ሰው ይሳሳት

ቲቸር ደምሴ መሞቱን የነገረችኝ መምህርት ወርቅነሽ ናት። የስልኳ መስታወት ተሰብሮ ልታስቀይር ሱቄ መጥታ ነበር። አሮጌውን መስታወት እያሞቅሁ ሳላቅቅ፣ «ሰማህ አይደል? ደምሴ አረፈ» አለችኝ።

ኦቶና ሆስፒታል መተኛቱን ሰምቼ ነበር። ቀና ሳልል «መቼ?» አልኳት።

«ትናንት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይቀበራል። አብራችሁ ሠርታችኋል፤ ትመጣለህ አይደል?»

አዲሱን መስታወት ገጥሜ፣ ጠርዙን በጥጥ ጠርጌ፣ ስልኩን አብርቼ አራቱንም ማዕዘን በጣቴ ነካክቼ ከሞከርሁ በኋላ ነው «እመጣለሁ» ያልኳት።

ሙት አይወቀስም ይባላል። ይህን አባባል መጀመሪያ ያወጣው ሰው ራሱ ብዙ የሚወቀስበት ነገር የነበረው ይመስለኛል። እኔ ቲቸር ደምሴን በሕይወት እያለ ፊት ለፊት ወቅሼዋለሁ፤ ስለዚህ አሁን ብደግመው ሐሜት አይሆንብኝም።

አጭር ሰው ነበር። ሶዶ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ናት፤ የእሱ ጫማ ግን ሁልጊዜ ያበራ ነበር። ክፍል ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ በነጭ መሐረብ ጫማውን ይጠርጋል። ከዚያ መሐረቡን ገልብጦ በንጹሕ በኩል ታብሌቱን ይጠርጋል። ተማሪ ሲያናግረው ዓይኑ ከታብሌቱ አይነሳም። «ቲቸር» ያለው ልጅ ማን እንደሆነ ሳያይ መልሶ የሚጨርስባቸው ቀናት ነበሩ። «ማሽን ዘመድ የለውም» ማለት ይወድ ነበር። ውጤት የሚከራከር ተማሪ ሲመጣ፣ ወላጅ ሲመጣ፣ መምህራን ሻይ ቤት ሲቀልዱ፣ ለሁሉም መልሱ ይኸው ነበር።

የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ በኋላ የሳይንስ ትምህርቶች ሁሉ የታብሌት አስተባባሪ ሆነ። ታብሌቶቹን ለትምህርት ቤታችን የሰጠው አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ነው። እኔን የቀጠሩኝ እነሱን ቻርጅ እንዳደርግና ሲበላሹ እንድጠግን ነው። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቁሜ ነበር፤ የማውቀውን ያወቅሁት የተበላሸ ስልክ ፈትቼ እየገጠምሁ ነው።

መተግበሪያው መጥፎ አልነበረም፤ ይህን መካድ አልችልም። ጥያቄው ከአራት ምርጫዎች ጋር ስክሪን ላይ ይወጣል። ተማሪው ስሙን ነክቶ መልሱን ይነካል። ልክ ከሆነ ስሙ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከተሳሳተ ቀይ። በመምህሩ ታብሌት ላይ ክፍሉ በሙሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የኬሚስትሪዋ ወርቅነሽ አንድ ጥያቄ ጠይቃ ከግማሽ በላይ ክፍሉ ቀይ ሆነባት። «እንግዲያው እኔ ነኝ ያላስረዳሁት» ብላ ትምህርቱን እንደገና ጀመረች። መሣሪያው የተሠራው ለዚህ ነበር። ልጆቹም ወደውት ነበር፤ ጠዋት ገና ሰልፍ ሳይነሳ ከታብሌቱ ክፍል በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

ታብሌቶቹ ለሁሉም ስለማይበቁ አንዱ ለአምስት ልጅ ተደረገ። ይህ ለማንም አልከበደም፤ ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነበር። ገበሬው በአንድ ለአምስት ይደራጃል፣ መምህሩ በአንድ ለአምስት ይገመገማል፣ ተማሪው በአንድ ለአምስት ያጠናል። የቡድኑ መሪ ታብሌቱን ይይዛል፣ አራቱ ተራ በተራ ይነካሉ።

አንድ ቀን ከዞን ጎብኚዎች መጡ። ቲቸር ደምሴ ዋዜማውን መሪዎቹን ጠርቶ መልሶቹን አስጠንቷቸው ስለነበር ጥያቄው በወጣ ቁጥር ክፍሉ እንዳለ አረንጓዴ ሆነ። ከጎብኚዎቹ አንዱ፣ ወፍራም ሳቂታ ሰውዬ፣ ታብሌቱን ተቀብሎ ሲያይ ቆየና «ቲቸር፣ ይሄ ክፍል ነው ወይስ የጎመን ማሳ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ቲቸር ደምሴም ሳቀ፤ እየሳቀ ግን መሐረቡን አውጥቶ ምንም ያልነካውን ስክሪን ይጠርግ ጀመር።

በማግስቱ የቡድን መሪዎቹን ታብሌት ወደማስቀምጥበት ክፍል ጠራቸው። እኔ ጥግ ላይ ገመድ እሰካ ነበር፤ እንደ ወንበር ቆጠረኝ መሰለኝ ድምፁን አልቀነሰም።

«ካሁን ወዲያ ከየአምስቱ አንድ ሰው ይሳሳት» አላቸው። «ቀይ የሌለበት ሪፖርት ውሸት ይመስላል።»

ናቲ የሚባል የነጋዴ ልጅ፣ «ማን ይሳሳት ቲቸር?» አለ።

«የማይጮህ ሰው።»

«በየቀኑ እንቀያየር?»

«አትቀያየሩ። ወጥ ይሁን። አንድ ሰው ሴሚስተሩን ሙሉ ደካማ ሆኖ ይታያል፤ በሁለተኛው ሴሚስተር አረንጓዴ እናደርገዋለን። ተደግፎ የበቃ ተማሪ ማለት ይሄ ነው። ይሄ ነው ምርጥ ተሞክሮ።»

በናቲ ቡድን ውስጥ የማትጮኸው አስቴር ነበረች።

አስቴር የሁምቦ ልጅ ናት። ከሦስት የአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። በገበያ ቀን ከሁምቦ በጋሪ የበቆሎ ዱቄት ይመጣላታል፤ ዘግይቶ ከሆነ በዚያ ሳምንት ምሳዋ ቆሎ ነው። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነበር፤ ከአፏ ከማውጣቷ በፊት በወላይትኛ የምታስበው ይመስላል። ታብሌት መመለስ የእሷ ተራ ሲሆን የክፍሉን ታብሌቶች እንደ ሰሃን ደራርባ፣ በሻርፕዋ ጠርጋ ታስረክበኛለች። አንድ ጊዜ እንዲህ አለችኝ፦ «አዋ አንድ ዓመት ብቻ ነው የሰጠኝ። ካለፍሁ እቀጥላለሁ። ከደገምሁ ወደ ቤት ነው።» አዋ የምትለው አባቷን ነው።

«እና መሳሳቱን ለምን እሺ አልሽ?»

«ቲቸር በሁለተኛው ሴሚስተር ይስተካከላል ብሏል።» የመምህር ቃል ለእሷ እንደ ሰማይ ነበር፤ ይወድቃል ብላ አልጠረጠረችም።

ክፍል ውስጥ ገመድ ልቀይር ስገባ ከናቲ ጋር ሲነጋገሩ እሰማ ነበር።

«ዛሬም አንቺ ነሽ።»

«ኬሚስትሪም ላይ እኔ? ኬሚስትሪ እኮ የቲቸር ደምሴ አይደለም።»

«አስተባባሪው እሱ ነው። በሁሉም ወጥ ይሁን ተብሏል።»

«የትኛውን ልንካ?»

«ሦስት ስህተት አለልሽ። እኔ ያለኝ አንድ መልስ ብቻ ነው። ከኔ አንቺ አትሻዪም?»

ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች። ከዚያ ሦስቱን ስህተቶች በጥንቃቄ ታነባለች።

የእሷን መልሶች ማየት የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። በሌሎች ቡድኖች እንዲሳሳቱ የተመደቡት ልጆች ሁልጊዜ የመጨረሻውን ምርጫ ይነካሉ፤ ጥያቄውን እንኳ አያነቡም። የአስቴር ግን ሌላ ነበር። ደምን ወደ ሳንባ የሚልከው የልብ ክፍል የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ልኩ ቀኝ ቬንትሪክል ነው፤ እሷ ቀኝ ኤትሪየምን ነካች። ሁሉም ስህተቷ እንዲህ ነበር፤ ሁሉም ከልኩ አጠገብ።

«ለምን ይሄን መረጥሽ?» አልኳት።

«ጎረቤቱ ነው» አለችኝ። «መሳሳቴ ካልቀረ ብዙ አልርቅም ብዬ።»

አሁን ስለ ቲቸር ደምሴ አንድ ደግ ነገር መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ከሁሉም የበለጠ የሚያናድደኝ ይኸው ነገር ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ታብሌቶቹም ባትሪያቸው አልቆ ነበር። ቲቸር ደምሴ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ መሐረቡን ያገላብጥ ጀመር፤ የሚጠርገው ነገር አጣ። በመጨረሻ ጠመኔ አነሳና ሰሌዳው ላይ ልብ ሣለ። እጁን ሳያነሳ፣ ሳያጠፋ፣ በአንድ መስመር ዙሪያውን ሣለው። ከዚያ አራቱን ክፍሎች፣ በሮቻቸውን፣ ደሙ የሚገባበትንና የሚወጣበትን። «ይሄ ደም ደክሞ ነው የመጣው፤ ትንፋሽ አልቆበታል። ወዴት ይሂድ?» እያለ ይጠይቃል፤ ዓይኑ ልጆቹ ላይ ነው። እንዲህ የሚያስተምር ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ልጆቹ ወደ ፊት ተጠግተው ነበር። አስቴር እጇን አወጣች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ደሙ ከገባበት እስከሚወጣበት፣ በዚያ ቀስ ባለ አማርኛዋ ተናገረች።

«ጎበዝ» አላት። «ስምሽ ማነው?»

ሴሚስተሩን ሙሉ ቀይ ያደረጋትን ልጅ ስሟን ጠየቃት።

«አስቴር።»

«ጎበዝ አስቴር። ቁጭ በይ።»

በማግስቱ መብራት መጣ፤ አስቴርም ቀይ ሆነች። ማስተማር የማይችል ቢሆን ኖሮ አዝንለት ነበር። ይችል ነበር። ጠመኔውን ትቶ መሐረቡን የመረጠው እያወቀ ነው።

ሪፖርቱ ወደ ዞን ሄደ። በዚህ ጊዜ ማንም ስለ ጎመን አላወራም። ሪፖርቱ ምርጥ ተሞክሮ ተባለ፣ ይስፋ ተባለ፣ ቲቸር ደምሴ በስብሰባ ፊት ተጨበጨበለት፤ ከዚያ ዞን ቢሮ ሊዛወር መሆኑ ተሰማ። ቀዮቹን በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ አረንጓዴ የመመለሱ ነገር እዚያው ቀረ። ሪፖርቱ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ ለልጆቹ ሲባል ብቻ ሁለተኛ ድካም ለምን? ይባስ ብሎ የታብሌቱ ውጤት እንዳለ ወደ ተከታታይ ምዘና እንዲገባ አዘዘ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሦስቱም። ወርቅነሽ ተቃውማ ነበር፤ በግምገማ ላይ «ለውጥ የማትቀበል» ተብላ ዝም አለች።

የከተማ ወላጆች ያላቸው ቀዮች ቶሎ ዳኑ። አባታቸው ወይም አጎታቸው ቢሮ ይመጣል፣ ሻይ ይባላል፣ ቲቸር ደምሴ ማርክ ሊስቱን ያወጣና በእርሳስ ያስተካክላል። ማሽን ዘመድ የለውም ይል ነበር፤ ዘመድ ላላቸው ግን እርሳስ ነበረው።

ውጤት ከመለጠፉ በፊት ቢሮው ገባሁ። ያን ጊዜ እርስዎ ነበር የምለው።

«ቲቸር፣ እርስዎ እንዲሳሳቱ ያደረጓቸው ልጆች ሊደግሙ ነው።»

«የትኞቹ?»

«ቀዮቹ። የናቲ ቡድን ውስጥ ያለችው አስቴር አለች። ሰርቨሩ ላይ ማስተካከል ይቻላል፤ የይለፍ ቃሉ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

ከታብሌቱ ላይ ዓይኑን አላነሳም። «ዳታ አይነካም» አለኝ። «የዳታ ጥራት የሚባል ነገር አለ። ስልክ መጠገን ስትጨርስ ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ አንብብ።»

«ለሌሎቹ ግን በእርሳስ...»

«በሩን ዘግተህ ውጣ፤ አቧራ ይገባል።»

ውጤቱ ተለጠፈ። አስቴር ደጋሚ ሆነች። ከጥቂት ቀናት በኋላ አባቷ ከሁምቦ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቢሮው ውስጥ ቆሙ። አስቴር በሩ ላይ ቀረች። ቲቸር ደምሴ ለዝውውሩ ዕቃውን በካርቶን ያሽግ ነበር፤ እኔ ታብሌቶቹን ልረከበው እዚያው ነበርሁ።

«ቲቸር፣ እኔ ገበሬ ነኝ» አሉ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «ይሄ ልጅ በቆሎ ይኮትኩት አላልሁም። ይማር ብዬ ለእናንተ ሰጠሁ። ምን አጠፋ?»

ቲቸር ደምሴ ደስ አለው። ታብሌቱን በመሐረቡ ጠርጎ ወደ እሳቸው አዞረው። «አባት፣ እዩት። አረንጓዴ ማለት ያውቃል ማለት ነው። ቀይ ማለት አያውቅም። የልጅዎ ይሄውና። ከላይ እስከ ታች።»

ሰውየው ጎንበስ ብለው አዩ። ቀዩን በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ስክሪኑ ወደ ሌላ ገጽ ዘለለ። እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ።

«አበላሸሁ?»

«አይበላሽም። ማሽን ዘመድ የለውም አባት፤ ለእኔም ለእርስዎም አያዳላም።»

«አባቴ» አልኩ እኔ፣ «እንድትሳሳት ያዘዛት እሱ ነው። መልሱን ታውቃለች። አሁን እዚሁ ጠይቁዋት።» እሱ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ መመለስ አልፈለግሁም።

ቲቸር ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አንስቶ አየኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ ፈገግ አለ። «ይሄ ቻርጀር ሊሰካ የተቀጠረ ልጅ ነው። ራሱ አሥረኛን ያልጨረሰ። ኪራይ ሰብሳቢ አመለካከት ይሉታል ይሄን፤ የተማረ ሰው ሲያይ ያመዋል።»

ሰውየው እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ክራቫቱን አዩ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው ልጃቸውን በወላይትኛ ጠየቋት። «ሰው አዞሽ ነው ወይስ ራስሽ ነሽ የነካሽው?» ነው ያሉት። አስቴር ቲቸር ደምሴን አየችው። እሱ ካርቶኑን በፕላስተር ይለጥፍ ነበር።

«የነካሁት እኔ ነኝ፣ አዋ» አለች።

እውነት ነበር። ውሸት አልተናገረችም። መምህር ባለበት መምህርን ማጋለጥ ደግሞ ማንም አላስተማራትም።

አባቷ ኮፍያቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው የቲቸር ደምሴን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት። «እውነቱን ስላሳያችሁኝ።» እሱም «ምንም አይደል አባት፣ ሥራችን ነው» አላቸው። ከብዙ ነገሩ እኔ እስከ ዛሬ መርሳት ያቃተኝ ይህን ምስጋና ሳያፍር መቀበሉን ነው። አባትና ልጅ በግቢው መሐል ወደ በሩ ሲሄዱ በመስኮቱ አየኋቸው፤ እሳቸው ፊት፣ እሷ ኋላ። የእኔም ውል አልታደሰም።

ቀብሩ ላይ ሕዝብ ሞልቶ ነበር። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ደካማ ተማሪዎችን ደግፎ በማብቃት ለዞኑ አርአያ የሆነ» የሚለውን ሰማሁ። ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ይላል። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከወርቅነሽ አጠገብ ተቀመጥሁ። አንድ ከዞን ቢሮ የመጣ ሰው፣ ስለ ትጋቱ ብዙ ካወራ በኋላ፣ ወደ እኔ ዞሮ «አንተም አብረኸው ሠርተሃል አሉ። እስኪ አንድ ነገር በል» አለኝ።

አሰብሁ። ሐሰት መናገር አልፈለግሁም፤ የቲቸር ደምሴ ልጆች ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር።

«ልብ ሲሥል በጣም ያምር ነበር» አልኩ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ወርቅነሽ መሬት መሬቱን አየች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁምቦ ወረድሁ። አስቴርን የት እንደማገኛት አውቅ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ትሠራለች። እህል የምትቀበለው፣ መዝና ለፈጪው የምታስተላልፈው እሷ ናት። ቅንድቧ በዱቄት ነጭቶ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ስለማያሰማ ወደ ውጭ ወጣንና ግድግዳው ጥላ ሥር ቆምን።

«ቲቸር ደምሴ ሞተ» አልኳት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ቀኝ ቬንትሪክል» አለች በኋላ።

«ምን?»

«ደምን ወደ ሳንባ የሚልከው። እኔ ኤትሪየምን ነካሁ።» ቀጠለች፤ የኬሚስትሪውን፣ የፊዚክሱን፤ ጥያቄውን፣ የነካችውን፣ ልኩን። አማርኛዋ ድሮ እንደነበረው ቀስ ያለ ነው፤ አንድም ጊዜ ግን አልቆመችም። «ልኩን ሳላውቅ ጎረቤቱን ማግኘት አልችልም ነበር እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«አንተ ታውቃለህ። አዋ ግን አያውቅም። እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ‹ሞክራ ነበር፣ አእምሮዋ አልያዘላትም› ይላል፤ በፍቅር ነው የሚለው።»

ከውስጥ አንዲት ሴት «አስቴር፣ ሚዛን» ብላ ተጣራች።

«መጣሁ» አለች፤ ግን ትንሽ ቆየች። «ስሜን ያስታውስ ነበር ይመስልሃል?»

«አይመስለኝም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ይህም ቀድማ የምታውቀው መልስ ነበር። ነፍስ ይማር በይ አላልኳትም። እሷም አላለችም። ወደ ውስጥ ገብታ የሴትየዋን ጆንያ ሚዛን ላይ ጫነች።